ሐዋሳ፦ የሕፃናት ሐሞት ቱቦ ጉዳት፣ የኢአርሲፒ (በአፍ በሚገባ የካሜራ ቱቦና በራጅ የሐሞት ቱቦን ማከሚያ) የጋራ ዕቅድ (ረቂቅ 3)

የሕፃናት ቀዶ ሐኪም፦ የዕቃ ጥያቄው ዛሬ ይዘጋ። ባጃጅ ገጭቶት ወይም የብስክሌት መሪ ሆዱን ወግቶት ሐሞት የሚያፈሰውን ልጅ እስከ መቼ አዲስ አበባ እንልካለን? መጀመሪያ የተጠራቀመው በድሬይን (ፈሳሽ ማውጫ ቱቦ) ይወጣል። የድሬይኑ ቢሊሩቢን (የሐሞት ቢጫ ቀለም) ከደሙ 3 እጥፍና በላይ ከሆነ ሐሞት ነው። ከዚያ ሐሞቱን የሚያሳልፍ ትንሽ ቱቦ፣ 7 ፍሬንች (1 ፍሬንች የሚሊ ሜትር ሲሶ ነው) ስቴንት ይገባል፤ ሐሞቱ ወደ አንጀት ሲወርድ ቀዳዳው ራሱ ይደፍናል።

የጨጓራና አንጀት ሐኪም፦ ጨርሶ የተቆረጠ ቱቦ አይካተት፣ ጋይድዋየሩ (ስቴንቱን የሚመራው ሽቦ) ማዶ አይሻገርም፤ እሱ የአንተ፣ የቀዶ ሕክምና ነው። ከ10 ኪሎ በላይ ላለ ልጅ የአዋቂው ስኮፕ (የካሜራ ቱቦው) ይሠራል። የጨቅላው 7.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቻነሉ (የውስጥ መተላለፊያው) 2 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከ5 ፍሬንች በላይ አያሳልፍም።

ሰመመን ባለሙያ፦ ሊድ ኤፕረን (ጨረር የሚከላከል የእርሳስ ሽርጥ) 3 ብቻ ነው የተጻፈው። እኔስ? ልጁ ሙሉ ሰመመን ላይ፣ በሆዱ ተኝቶ የመተንፈሻ ቱቦው ቢወጣ ማን ይመልሰዋል?

ገንዘብ ያዥ፦ ከሲ-አርም (ተንቀሳቃሽ ራጅ) ክፍል ተዋሱ።

ሲስተር፣ ኢንዶስኮፒ፦ የሚዋሱትን አይተኸዋል? ወንበር ላይ ታጥፎ ነው የሚያድረው። እርሳሱ በእጥፋቱ ይሰነጠቃል፤ ጨርቁ ደህና ይመስላል፣ ስንጥቁ የሚታየው ፍሎሮስኮፒ (የቀጥታ ራጅ ምስል) ስር ሲዘረጋ ነው። መስቀያም ይግባ።

ገንዘብ ያዥ፦ መስቀያ በሚስማር ይሠራል።

ሲስተር፦ አይሠራም! ክብደቱ አንድ ነጥብ ላይ ሲያርፍ ትከሻው ላይ ይቀደዳል።

የሕፃናት ቀዶ ሐኪም፦ ስለ ኤፕረን ይብቃ! ስቴንቱን በ4–6 ሳምንት ማን ያወጣል? ከቆየ ተደፍኖ ኮላንጃይተስ (የሐሞት ቱቦ ኢንፌክሽን) ያመጣል። የስቴንቱን መዝገብ እይዛለሁ ያለው ሰው የት ገባ?

ሰመመን፦ ዶክተር፣ ይብቃ አይባልም። የራጅ ፎቶ ሲነሳ ሁላችሁ ወደ ኋላ ትላላችሁ፣ እኔ ከጭንቅላቱ አልርቅም።

የሕፃናት ቀዶ ሐኪም፦ ልክ ነህ፣ ቃሌን አንስቻለሁ። 5 ይሁን፣ ከታይሮይድ (የአንገት) መከላከያ ጋር።

ገንዘብ ያዥ፦ 5 ኤፕረን፣ 5 ታይሮይድ፣ መስቀያ። ብሩ ያው ነው፤ ስኮፑ ለሁለተኛ ዙር ይተላለፍ።

ሲስተር፦ የኤሌቬተሩን (የስኮፑ ጫፍ ላይ ያለውን ማንሻ) ማጠቢያ ብሩሽ እንዳትሰርዝ። እዚያ የቀረ ቆሻሻ ወደሚቀጥለው ልጅ ነው የሚሄደው።

የሕፃናት ቀዶ ሐኪም፦ ስኮፕ ከሌለ ምኑን ታጥባላችሁ? በሉ ስኮፑን ከአዋቂዎች ክፍል እጠይቃለሁ። 7 ፍሬንቹ ስቴንት 10 ፍሬ ግን ይቆይልኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ 4 ይደርሳል። ርዕሱን «የኢንዶስኮፒ ክፍል የጨረር መከላከያ» ብዬዋለሁ፤ ሐሙስ ይገባል።

የሕፃናት ቀዶ ሐኪም፦ «ሕፃናት» የሚለው የት ሄደ?