ቅጠሉን የሚሰፋው ትል ተምች ነው? አባዬ ዛሬ ሊረጭ ነው!

የሐርቡ ልጅ (ጠያቂ)
አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም። ቶሎ የሚመልስልኝ ካለ በአላህ። ቅጠሉ እየተጠቀለለ በድር እየተሰፋ ነው። ጎረቤቶቻችን «የአሜሪካው ተምች ነው፣ ዛሬ ካልረጫችሁ አገዳው ብቻ ነው የሚቀራችሁ» ብለው አባዬን አስደንግጠውታል። መርጫ ተከራይቷል። መድኃኒቱም ከከተማ ተገዝቶ መጥቷል። ዐሥር ሰዓት ላይ ፀሐዩ በረድ ሲል ሊጀምር ነው። ቡናማ የእሳት እራትም ቀን ቀን ማሳው ዳር ሲበር አያለሁ። እንቁላሉን የሚጥለው እሱ ነው አይደል? ይረጭ ወይስ ይቅር?

ባቲ ገበያ
የምን ቅጠል? ጫት ነው፣ በቆሎ ነው፣ ማሽላ ነው? የትስ ነው?

ቆቦ ሜዳ
ይረጭ! ተምች ቀጠሮ አይሰጥም። በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን ሲገባ «ቆይ እንየው» ያለ ሁሉ በቆሎውን ተበልቶ ነው ያደረው።

የሐርቡ ልጅ
ማሽላ ነው። ሐርቡ፣ ቃሉ ወረዳ። ጉልበት ደርሷል። ፎቶ ልልክ ብል ኔትወርኩ አልጭን አለኝ።

መምህር ከሐይቅ
ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ። ነገሩ ይገደኛል። ጠያቂው «ቡናማ የእሳት እራት» ያለው ላይ ልቁም። ቀን ላይ የሚበር ከሆነ ስኪፐር የሚባለው የቢራቢሮ ዓይነት ሊሆን ይችላል። አስተኔው (ዝርያዎቹ የሚመደቡበት ቤተሰብ) ሄስፔሪዴ ይባላል። በዓለም ላይ ከ3,500 በላይ ዝርያ አለው። ሰውነቱ ድብልብል፣ ጭንቅላቱ ሰፊ፣ ክንፉ ለሰውነቱ አነስ ያለ ነው። አብዛኛው ቡናማ ስለሆነ ሰው ከእሳት እራት ይቆጥረዋል።

መለያው አንቴናው ነው። የሌላው ቢራቢሮ አንቴና ጫፉ ላይ እብጥ ብሎ ያበቃል። የስኪፐር ግን ካበጠ በኋላ ጫፉ እንደ ዓሣ መንጠቆ ወደ ኋላ ይታጠፋል። የአብዛኛው የእሳት እራት አንቴና ወይ ቀጭን ክር ነው፣ ወይ ላባማ ነው፤ ጫፉ አያብጥም።

ሳይንቲስቶችም ቦታው የት እንደሆነ ብዙ ተከራክረውበታል። ድሮ ቢራቢሮ ለብቻ፣ ስኪፐር ለብቻ፣ የእሳት እራት ለብቻ ተደርጎ ነበር የሚመደበው። በኋላ ዘረ መሉ ሲመረመር ስኪፐር ከቢራቢሮዎቹ መሃል ተገኘ። እንዲያውም ስዋሎውቴይል የሚባሉት ትልልቅና ጭራ ያላቸው ቢራቢሮዎች ከጋራ የዘር ግንዳቸው የተለዩት ከእሱ ቀድመው ነው። ስለዚህ ስኪፐርን ግማሽ ቢራቢሮ የሚያደርግ መጽሐፍ ካያችሁ ጊዜው አልፎበታል።

ከንዑስ አስተኔዎቹ ለገበሬ ዋናው ሄስፔሪኔ ነው። የእነዚህ እጮች ሣር በል ናቸው። ማሽላም፣ በቆሎም፣ ሩዝም፣ ሸንኮራም ከሣር ወገን ነው። ቢራቢሮዎቹ ፀሐይ ሲሞቁ የኋላ ክንፋቸውን ዘርግተው የፊቱን ከፍ ያደርጋሉ። ፒርጊኔ የሚባለው የሌላው ንዑስ አስተኔ ቢራቢሮዎች ግን አራቱንም ክንፍ ጠፍጣፋ አድርገው ይዘረጋሉ፤ እጮቻቸውም በብዛት የሚበሉት ሰፋ ያለ ቅጠል ያላቸውን ተክሎች ነው።

ቆቦ ሜዳ
መምህር፣ ልጁ ሰዓት እየሄደበት ነው። እኔ ያው ይረጭ ባይ ነኝ።

የወረባቦ ንብ
እኔ ደግሞ ጥያቄው ራሱ አልተዋጠልኝም። ይረጭ አይረጭ ከማለታችን በፊት ተምች መሆኑን ማን አረጋገጠ? የተምች እናት የምትበረው ሌሊት ነው፤ ቀን ተደብቃ ትውላለች። አንተ ያየኸው ጠራራ ፀሐይ ላይ አበባ የሚቀስም ነው። እኔ ቀፎዎቼ አጠገብ የወፍ ቆሎ አበባ ላይ ሁሌ አየዋለሁ። አንዱ ቅጠል ላይ ያርፍና ሌላ ሲያልፍበት ተስፈንጥሮ ያባርረዋል። ከዚያ ተመልሶ እዚያችው ቅጠል ላይ ቁጭ። ሲበር ዓይን አይከተለውም። እርጥብ ጭቃና የወፍ ኩስ ላይም ይወርዳል። ኩሱ ደረቅ ከሆነ ከራሱ ፈሳሽ ጠብ አድርጎ ያረጥበውና ይመጠዋል።

ባቲ ገበያ
ትሉ ቤት ሠርቶ ጣሪያ ከድኖ ተቀምጧል እኮ። ከመርጨታችሁ በፊት የኪራይ ጠይቁት 😂

ዘይነባ ከሚሴ
አብሽር የሐርቡ ልጅ። የልማት ሠራተኛ ነኝ። አሁኑኑ ማሳው ውስጥ ግባና አንድ የተሰፋ ቅጠል ቀስ ብለህ ፍታ። ጭንቅላቱን እይ።

ተምች ከሆነ ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛው ዋይ (Y) ፊደል ነጣ ብሎ ይታያል። ጭራው አካባቢ፣ ከመጨረሻው ክፍል አንድ ቀደም ብሎ፣ አራት ጥቁር ነጥቦች በአራት ማዕዘን ተቀምጠዋል። ደግሞ ተምች ቅጠል እየሰፋ ቤት አይሠራም። አዲስ ቅጠል የሚወጣበት መሃሉ ውስጥ ገብቶ ነው የሚበላው። እዚያው ብዙ እርጥብ ኩስ ይከምራል።

ስኪፐር ከሆነ ለስላሳ አረንጓዴ ነው። ጭንቅላቱ ትልቅ፣ አንገቱ ቀጭን። ጥቅልሉ ውስጥ ኩስ እምብዛም አታገኝም። ጭራው ሥር ማበጠሪያ መሰል ነገር አለው፤ በእሱ ኩሱን ወደ ውጭ ያስፈነጥራል። ተርብና ሌላው ጠላት የኩሱን ጠረን ተከትሎ እንዳይመጣበት ነው።

ሦስተኛም አለ። ቅጠል የሚያጥፍ የትንሽ እሳት እራት እጭ። እሱ ቀጭን ነው። ኩሱን እጥፋቱ ውስጥ ይተወዋል፤ የቅጠሉን አረንጓዴ ፍቆ ነጭ መስመር ያወጣበታል።

አይተህ ንገረኝ። መድኃኒቱ እስከዚያ አይከፈት።

ቆቦ ሜዳ
መድኃኒቱ ተገዝቷል እኮ። ገንዘቡስ?

ዘይነባ ከሚሴ
ካልተከፈተ ሻጩን መጠየቅ ነው። ባይመልስም በእሽጉ እንዳለ፣ ልጅ የማይደርስበት ቦታ፣ ከእህል ርቆ ይቀመጥ። የማያስፈልግ መድኃኒት መርጨት ገንዘቡን አይመልስም።

የሐርቡ ልጅ
ገብቼ አየሁ። ቅጠሉ ሁለት ዳሩ ወደ ውስጥ ታጥፎ በነጭ ክር አለፍ አለፍ እያለ ተሰፍቷል። ክሩን ስበጥሰው ድምፅ አለው። ስከፍተው ትሉ ወደ ኋላ ሸሸ። አረንጓዴ ነው፣ ፀጉር የለውም። ጭንቅላቱ ከአንገቱ በጣም ይሰፋል። ዋይ የለም፣ ነጥቦቹም የሉም። ውስጡ ንጹሕ ነው። የተበላው ከጥቅልሉ ውጭ ያለው የቅጠል ዳር ነው። ግን አባዬ «ትል ትል ነው» ብሎ መርጫውን እያጠበ ነው።

መምህር ከሐይቅ
ስኪፐር ነው! ማሽላ ላይ ከሆነ ፔሎፒዳስ የሚባለው የስኪፐር ወገን ወይም ከእሱ የቅርብ ዘመዶች አንዱ ሊሆን ይችላል። ፔሎፒዳስ ማቲያስ የሚባለው የሩዝ ስኪፐር ከአፍሪካ እስከ እስያ ይገኛል። በ1798 እ.ኤ.አ. ነው ፋብሪሲየስ የሚባለው የነፍሳት ተመራማሪ የሰየመው። ሲያድግ ቡናማ ይሆናል፤ የፊት ክንፉ ላይ ብርሃን የሚያሳልፉ ነጫጭ ነጠብጣቦች አሉት። እናትየዋ እንቁላሏን አንድ አንድ እያደረገች ነው የምትጥለው። ተምች ግን በአንድ ቦታ ክምር አድርጎ ይጥላል። ተምች ሲመጣ በአንድ ጊዜ የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

የወረባቦ ንብ
አባትህን በትሕትና ንገርልኝ። ትል ሁሉ አንድ አይደለም። ጉልበት የደረሰ ማሽላ የተወሰነ ቅጠል ቢበላበት ይችለዋል። መድኃኒቱ ግን ስኪፐሩን ብቻ መርጦ አይገድልም። እጩ ውስጥ እንቁላል ጥለው የሚጨርሱትን ትንንሽ ተርቦችም ይጨርሳል። እነሱ ከሞቱ በኋላ እውነተኛው ተምች ቢመጣ ማን ይይዝላችኋል? የጎረቤት ቀፎም አለ። አበባ ላይ የዋለች ንብ መርዝ ይዛ ትገባለች።

ዘይነባ ከሚሴ
ልክ ነው፣ ግን አንድ ቅጠል አይቶ መደምደምም አይሆንም። ማሳውን እየተጠማዘዝክ ዙር። ዳሩንም መሃሉንም፣ ከተለያየ ቦታ ብዙ አገዳ እይ። መሃሉን ክፈት። ስኪፐሩ ኖሮ ተምችም አብሮ ሊኖር ይችላል፣ አገዳ ቆርቁርም እንዲሁ። የተሰፋው እዚህም እዚያም ብቻ ከሆነ ጥቅልሉን በጣት ጨፍልቆ መሄድ ይበቃል። ልጆቹን ይዘህ ግባ፣ ማሳው ትንሽ ከሆነ ዛሬውኑ ያልቃል።

ተምች በብዛት ካገኘህ ግን አትዘግይ። የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያ ጥራ፤ ወይ 8028 ደውል፣ የገበሬ መስመር ነው። ያኔ ቢረጭም መጠኑ ከእሽጉ ላይ ይነበብ፤ አፍና አፍንጫ ይሸፈን፤ የሊጥ ባልዲ ውስጥ አይበጥበጥ። ይሄን ደጋግሜ የምለው ያየሁት ስላለ ነው።

ቆቦ ሜዳ
ይሄ የተገለበጠ ዋይ የምትሉትን እኔም ነገ እሄዳለሁ ላየው። የእኛም ሰፈር እየተረጨ ነው።

የተማሪዋ እናት
ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ናት፣ እዚህ ሆና እያነበበች ነው። ከእኛ ጓሮ በቆሎ ላይም እንዲህ ያለ ጥቅልል አለ። በብርሌ አስቀምጬ እስኪለወጥ ልየው ትላለች። ይቻላል?

መምህር ከሐይቅ
በደንብ ይቻላል እህቴ። ብርሌ አፉ ጠባብ ነው፤ ሰፋ ያለ ማሰሮ ወይም የማር ብርጭቆ ይሻላል። ጥቅልሉን ሳትፈታው ከነቅጠሉ ትቁረጠው። አፉን በስስ ነጠላ ጨርቅ ትሰረው፣ ክዳን አይሁን። በየቀኑ ከዚያው ከበቆሎው ትኩስ ቅጠል ትጨምርለት፤ ሌላ ቅጠል ላይበላ ይችላል። ፀሐይ በቀጥታ አይምታው፣ ይሞታል። ሲደርስ መብላት ያቆማል፤ ወገቡን በክር ከቅጠሉ ጋር አስሮ አረንጓዴ ፑፓ (ወደ ቢራቢሮ የሚለወጥበት ደረጃ) ይሆናል። ያኔ አትነካካው። ቢራቢሮ ከወጣ አንቴናውን በማጉያ መነጽር ትየው፣ ከዚያ ትልቀቀው። በእሱ ፈንታ ትንንሽ ተርቦች ከወጡም አትዘን። በቆሎው መሃል ተባዩን የሚይዙላችሁ አሉ ማለት ነው፤ እነሱንም እዚያው ጓሮ ትልቀቃቸው።