የዘንድሮ ቅዳሜዎች፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርበውን ሐሳብ እዚሁ እናብስለው

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለሥነ ጽሑፍ ማኅበራችን ጉባኤ የምናቀርበው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የየራሳችንን ጽሑፍ የምናነብበት ዕቅድ እስከ ሐሙስ ማለቅ አለበት፤ እኔ ልጀምር። ቅዳሜያችን ሞቅ ያለ ነው፣ ደስ ይላል። ግን እውነቱን እንነጋገር። ማንም ምንም ቢያነብ ይጨበጨባል፣ ከዚያ ሻይ፣ ከዚያ ቻው። ብዙዎቻችን አምና የጻፍነውን ዘንድሮም እየጻፍን ነው። ስለዚህ የተነበበ ሁሉ 15 ደቂቃ ሂስ ይደረግበት። ግዴታ ይሁን እላለሁ።

አባል (ነርሷ)፦ እኔ አልስማማም። ሳምንቱን ሙሉ ተረኛ ሆኜ፣ በአለቃም በአስታማሚም ስገመገም ነው የምሰነብተው። ቅዳሜ ደግሞ በግጥሜ ልገመገም? የምመጣው ትንፋሽ ላገኝ ነው። ደግሞ ያ አጭር ልብ ወለዱን ያነበበው ልጅ የት ገባ? ተረባረባችሁበት፣ ቀረ።

ምክትል ሰብሳቢ፦ እሱን ያስቀረው ሂስ አይደለም፣ አነጋገራችን ነው። «እናትየዋ እዚህ ጋ ለምን ዝም አለች?» ብሎ መጠየቅና «አንተ ልብ ወለድ አይሆንልህም» ማለት ለየቅል ናቸው። ሁለተኛውን ነው የሰማው።

መምህር፦ ልጆች፣ በቅኔ ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። ጀማሪ ተማሪ መጀመሪያ የሚቆጥረው፣ ማለትም የሚደርሰው፣ ጉባኤ ቃና የሚባለውን አጭር ቅኔ ነው፤ ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ። መጀመሪያ ቀን ረጅሙን ቅኔ፣ መወድስን፣ አምጣ የሚለው የለም። ቀን ሜዳ ለሜዳ ሲቆጥር ይውልና ለየኔታ ይነግራል። ከሰመረ «ይበል!» ይባላል፣ ካልሰመረ እዚያው ይታረማል። ግን ጉባኤ ቃና ላይ ተደላድሎ መቅረትም የለም። ሲለምደው ከፍ ወዳለው ይሸጋገራል። የትናንቱን መድገምማ ጭራሽ አይታሰብም፤ ቅኔ በየቀኑ አዲስ ነው። እናንተ «ይበል»ን ብቻ ወስዳችሁ የቀረውን ተዋችሁት።

ገንዘብ ያዥ፦ መምህር፣ በሰም ተናግረው በወርቅ እኔን እንደነኩ ገብቶኛል። የእኔ ነገር ሁሌ ወል ቤት የሚባለው የግጥም ምት፣ ሁሌ ፍቅር፣ ሁሌ ደጅ መጥናት ነው። የባለፈውን ታስታውሳላችሁ፦

ትናንት ማታ እኔ ደጃፍሽ ላይ ቆሜ
ስጠብቅ አድሬ ጠፋብኝ ሰላሜ

ተጨበጨበልኝ። መቼም ጭብጨባ አልጠላም!

መምህር፦ ስንኙ አልተሰበረም፤ በየሐረጉ ስድስት ስድስት ቀለም (ክፍለ ቃል) ነው፣ ቤቱም መትቷል። ግን «ሰላሜ»ን ያመጣው «ቆሜ» ነው እንጂ ልብህ አይደለም። እስቲ ያንኑ ነገር ሰንጎ መገን በሚባለው ምት ሞክረው። በየሐረጉ አምስት አምስት ቀለም። «ሰላም» የሚባል ቃል ክልክል ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ምሳዬን አስረሱኝ እኮ። ይኸው፦

ደጅሽ ላይ ቆሜ ሰማይ ሲጠቁር
ዝናቡ ገባ እኔ ግን ከዳር

ነርሷ፦ ውይ! ጣሪያዋ ያፈሳል ማለት ነው? ዝናቡ ሳይለምን ገባ፣ እሱ በር ላይ ቀረ። ይሄ ይሻላል፣ ያውም በብዙ። እሺ፣ እንዲህ ያለው አይከፋኝም። የሚከፋኝ ሳልጠይቅ ስታረም ነው።

ጸሐፊ፦ እንግዲያው ግዴታ ያልኩትን አንስቻለሁ። የተስተካከለው ረቂቅ ይኸው፦ አንባቢው ከወረቀቱ ራስ ላይ «ለመስማት» ወይም «ለእርማት» ብሎ ይጽፋል። «ለመስማት» ካለ አመስግነን እናልፋለን፤ ሻይ ላይም ቢሆን ማንም አያርመውም። «ለእርማት» ካለ መጀመሪያ ጆሯችን ላይ የቀረውን ስንኝ ወይም ዓረፍተ ነገር እንነግረዋለን፣ ከዚያ የላላውን ቦታ በጣት እናሳያለን። ስለ ሰውየው አይወራም። አንባቢው እስክንጨርስ መልስ አይሰጥም፤ ይሄ ከሁሉም ይከብዳል። የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ የፈተና ቀን ይሆናል። ገጣሚው ዝርው ይጽፋል፣ ወል ቤት የለመደው ሰንጎ መገን፣ ተራኪ የሚያበዛው በምልልስ ብቻ።

ምክትል ሰብሳቢ፦ ዓመቱን ሙሉ «ለመስማት» የሚል ሰውስ? እኔ በሦስት ወር አንዴ «ለእርማት» ይበል ባይ ነኝ።

ነርሷ፦ ሰውየው ከፈለገ ምን አለበት? እናቱን የቀበረ ሰው ሙሾውን ይዞ ቢመጣ ቀለም ልትቆጥሩበት ነው?

መምህር፦ ሙሾ አይታረምም። እሷ ልክ ናት።

ምክትል ሰብሳቢ፦ እሺ፣ ኀዘን ያለበት ነጻ ይሁን። ለሌሎቻችን ግን በሦስት ወር አንዴ ይቅርብን ካላችሁ ወደ ጭብጨባው መመለሳችን አይቀርም።

ነርሷ፦ በሦስት ወር አንዴ ይሁን። ግን የትኛውን ጽሑፍ እንደማመጣ የምመርጠው እኔ ነኝ።

ጸሐፊ፦ ገብቷል። ያንን ልጅም ማን ይደውልለት? ይቅርታ ጠይቀን፣ በፈለገው ወረቀት ተመልሶ እንዲመጣ።

ምክትል ሰብሳቢ፦ እኔ እደውላለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ለእርማት የሚቀርበው ለሁሉም ሰው ኮፒ ይፈልጋል፤ የሻይ ሒሳብ ላይ መደመር አለበት። ዋጋውን ጠይቄ እስከ ረቡዕ አመጣለሁ።