ስብሰባ ላይ የፈረምኩት ፊርማ «ወጣቶች ደግፈውታል» ሆኖ አገኘሁት፤ ምን ላድርግ?

ጸሐፊዋ፣ ጅማ

ሰላም ለሁላችሁ። 23 ዓመቴ ነው። ጅማ መርካቶ አካባቢ ኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ጽሑፌ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ግንቦት ላይ የወጣቶች ስብሰባ ተጠራን። በወጣቶች የሦስት ዓመት ዕቅድ ረቂቅ ላይ ሐሳብ ስጡ ተባለ። ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት፣ ግማሽ ቀን አስፈቅጄ። በር ላይ ስማችንን ጽፈን ፈረምን። ከዚያ ረቂቁ በፕሮጀክተር ተነበበ። ንባቡ ብቻ ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀ። ሻይ ጠጥተን ስንመለስ «ሰዓት ስለሄደ ሦስት ሰው ብቻ ይናገር» አሉን።

እጄን አወጣሁ፣ ዕድሉ ደረሰኝ። የሰፈራችን ወጣት ማዕከል 11 ሰዓት ይዘጋል። እኛ ሱቅ፣ ካፌና ፀጉር ቤት የምንሠራ ሴቶች ደግሞ ከሥራ የምንወጣው 12 ሰዓት ነው። እዚያ ያለውን ኮምፒውተር በዓይናችን አይተነው አናውቅም። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ይከፈትልን አልኩ። መንገዱ ጨለማ ስለሆነ መብራት ይተከል ብዬም ጨመርኩ። ከመድረኩ «ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ይያዛል» ተባለ። ተጨበጨበልኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ሰው ሰነድ ሊያስጠርዝ እኛ ቤት መጣ። የደንበኛ ወረቀት አላነብም። ግን ስፓይራሉን ላስገባ ገጾቹን ስደረድር የራሴን ፊርማ አየሁት። የዚያ ቀን የስም ዝርዝር አባሪ ሆኖ ተያይዟል። አላስቻለኝም፣ ከፊቱ ያለውን ገጽ አነበብኩ። «ተሳታፊ ወጣቶች በረቂቁ ላይ በስፋት ተወያይተው ሙሉ በሙሉ ደግፈውታል» ይላል። ስለ ሰዓቱ ምንም የለም። ስለ መብራቱም የለም። ሰውየው ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። ጠርዤ ሰጠሁት፣ ሒሳቤን ተቀበልኩ። ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ድጋሚ ሲጠሩኝ ልሂድ ወይስ ልቅር? ከሄድኩስ ያልኩት ነገር ወረቀት ላይ እንዲሰፍር ምን ላድርግ?

ጡረተኛ የዕቅድ ባለሙያ

ልጄ፣ ሂጂ። አካሄድሽን ግን ቀይሪ።

ጅማ ባይሆንም ከ20 ዓመት በላይ በመንግሥት ቤት ዕቅድና በጀት ላይ ሠርቻለሁ። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። ግንቦት ላይ የተጠራ ሰው የሚደርሰው ገንዘቡ ከተደለደለ በኋላ ነው። እኔ በሠራሁባቸው ቤቶች ጥያቄ ሰብስበን የምንጨርሰው ጥርና የካቲት ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጣ ሐሳብ «ለሚቀጥለው ዓመት» ይባላል። ዓመቱ ሲደርስ የሚያስታውሰው የለም። እኔም እንዲህ ብዬ የመለስኳቸው ልጆች አሉ፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

በቃል አትተዪው። ደብዳቤ ጻፉ፣ መዝገብ ቤት አስገቡ፣ ገቢ ቁጥር ይሰጣችሁ፣ በእጃችሁ የሚቀረው ኮፒ ላይ ማህተም ይረፍበት። ቁጥር ያለው ደብዳቤ ለአንድ ሰው ይመራል። የተመራለት ሰው ደግሞ ይጠየቅበታል።

ሰዓቱንና መብራቱን በአንድ ደብዳቤ አታድርጉት። ሰዓት ማራዘም የሠራተኛና የጥበቃ ጉዳይ ነው፣ በቅርብ ኃላፊ ሊወሰን ይችላል። መብራት ግን በጀት ይጠይቃል። አብረው ከገቡ ቀላሉ ከባዱን ሲጠብቅ ይቀራል።

አቴንዳንስ ላይ ስትፈርሚ ከላይ ርዕሱ ምን እንደሚል እዪ። ባዶ ከሆነ ከፊርማሽ ጎን «ለመገኘት ብቻ» ብለሽ ጻፊ።

ባጃጅ ነጂ፣ አጂፕ

እኔስ መሄድ ትቻለሁ። ከጥቂት ዓመት በፊት ከአራት ጓደኞቼ ጋር ለብድር ተደራጅተን ነበር። ሐሳባችን የባጃጅ ጥገና ነው። ሁላችንም ነጂ ነን፣ ሞተሩን ፈተን እንገጥማለን። ቅጹ ላይ ግን ጥገና የሚባል ነገር የለም። «ከተዘረዘሩት ምረጡ» ተባልን። ዶሮ መረጥን። ከአምስታችን ዶሮ አርብቶ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ዓመት ሳይሞላ ሥራው ፈረሰ፣ ዕዳውን እስካሁን እየከፈልኩ ነው። ያ ቅጽ ከመታተሙ በፊት አንድ ወጣት ጠርተው ቢያማክሩ ይህ አይደርስብንም ነበር። ካለቀ በኋላ ጠርቶ ማስጨብጨብ ለእኔ ምንም አይደለም።

የሕግ ተማሪ፣ ጅማ

ወንድሜ፣ ቁጭትህ ይገባኛል። ግን ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች ማህበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል። በ1998 ባንጁል ላይ የጸደቀው የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተርም አንቀጽ 11ን ሙሉ ለወጣቶች ተሳትፎ ሰጥቶታል። እዚያ ወጣት ማለት ከ15 እስከ 35 ዓመት ነው። የእኛ የ1996ቱ ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ግን 29 ላይ ያቆማል።

ለእህቴ አሁን የሚጠቅማት የመረጃ ነፃነት አዋጁ ነው፣ ቁጥር 590/2000። የዚያን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ኮፒ በጽሑፍ ጠይቂ። አዋጁ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል። ያልሽው ነገር ቃለ ጉባኤው ላይ ካለ ሪፖርቱ ላይ ለምን እንደቀረ ትጠይቂያለሽ። ከሌለም እንዲታረም ታመለክቻለሽ።

በነገራችን ላይ ኡጋንዳ ፓርላማዋ ውስጥ ለወጣቶች 5 መቀመጫ ለይታለች፣ ሩዋንዳም በታችኛው ምክር ቤቷ 2። እኛ ጋ እንዲህ የተለየ ወንበር የለም። ግን 21 ዓመት የሞላው ሰው መወዳደር ይችላል። አንቺ 23 ነሽ፣ አስቢበት።

የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ደብዳቤዎቹ በእሱም ይጻፉ። ትርጉሙን እኔ እሠራለሁ።

ጸሐፊዋ፣ ጅማ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ ለየብቻ አደረግኳቸው። አንዱ ስለ ሰዓቱ፣ አንዱ ስለ መብራቱ፣ ሦስተኛው ቃለ ጉባኤውን የሚጠይቅ። ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ማታ ማታ ጻፍኩ። የሕግ ተማሪው ወንድሜም ቃሉን ጠብቆ አፋን ኦሮሞውን በማግስቱ ላከልኝ።

14 ሴቶች ፈረምን። ፀጉር ቤት የምትሠራው ጓደኛዬ የፈረመችው ደንበኛ ላይ ሒና እየቀባች በመሃል ነው። የአውራ ጣቷ ቡናማ ምልክት ወረቀቱ ጥግ ላይ ቀርቷል። ሌላ ፕሪንት ላድርግ ብዬ ነበር፣ ተውኩት።

መዝገብ ቤት ስደርስ «ኃላፊው ሲገባ ነዪ» አሉኝ። ኃላፊውን አልፈልግም፣ ገቢ ቁጥር ብቻ ስጡኝ አልኩ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝና መዝገቡን ገለጠች። ሦስቱም ቁጥር አግኝተዋል፣ ማህተምም አርፎባቸዋል። መልስ ገና አልመጣም። 30ኛውን ቀን የሱቁ ካላንደር ላይ አክብቤዋለሁ።

የባጃጁ ወንድሜ፣ የጥገናውን ሐሳብ ጻፈውና አምጣው። ጥር ሳይደርስ እናስገባዋለን። ታይፑ በነፃ ነው፣ ከ12 ሰዓት በኋላ ና።

ባጃጅ ነጂ፣ አጂፕ

ያኔ በእጄ የጻፍኩት ሁለት ገጽ እቤት አለ። ዋጋው ተለውጧል፣ የዕቃውን ዋጋ ላስተካክልና ሐሙስ አመጣዋለሁ።