በቶርኖ የሰራሁት የዋንዛ ሙዳይ ክዳኑ አልገጥም አለ፣ ምን ላድርገው?

ሰጋቱራ፦
ሰላም ጎበዝ፣ በእንጨት ቶርኖ (እንጨት እያዞሩ በመሮ የሚቀርጹበት ማሽን) የምትሰሩ ካላችሁ እርዱኝ። ለእናቴ የዕጣን ማስቀመጫ የሚሆን ባለክዳን ሙዳይ ከዋንዛ ሰርቼ ነበር፣ ስፋቱ 12 ሳንቲም፣ ቁመቱ ከነክዳኑ 15። ማሽኑ ከምን አለሽ ተራ የተለቃቀመ ነው፣ ባለ 1400 ዙር ዲናሞ ሆኖ ፍጥነቱን በሶስት ፑሊና በቺንጋ ነው የምቀያይረው። ስጨርሰው ክዳኑ ልክክ ብሎ ገጠመ፣ ሲከፈት እንደ ቡሽ «ጱ» ይላል፣ ቪዲዮ ቀርጬ ለሰው ሁሉ ላኩ። ሁለት ሳምንት ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጦ ትናንት ለእናቴ ልሰጣት ሳነሳው አልገጥምም አለኝ። ባንድ በኩል ይገባል በሌላው ይነክሳል። በካሊብሮ ብለካው አፉ ባንድ አቅጣጫ 96 ሚሊ፣ በሌላው 93 ተኩል፣ እንቁላል ሆኗል። በብርጭቆ ወረቀት እያሸሁ ላስተካክለው ወይስ ሌላ መላ አለ?
ሌላው ደግሞ ክዳኑ ላይ የሰፌድ ዓይነት ክብ ክብ ጌጥ ፈልጌ በብሩሽ ቀለም ስቀባው ቀለሙ በእንጨቱ መስመር እየሰረገ ተዝረከረከ። እናንተ በምንድነው የምታስጌጡት?

ያረጀ_መሮ፦
ወንድሜ፣ እንጨቱ እርጥብ ነበር፣ ነገሩ እሱ ነው። እንጨት ሲደርቅ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይሰበሰብም፣ በዓመት ቀለበቱ ዙሪያ የሚሰበሰበው ከመሃል ወደ ውጭ ከሚሰበሰበው እጥፍ ያህል ነው፣ ስለዚህ ክብ የነበረው የግድ ይንጋደዳል። አሁን በብርጭቆ ወረቀት እንዳትነካው! ገና እየተሰበሰበ ነው፣ ዛሬ አስተካክለኸው የዛሬ ወር ተመልሶ ይጠምብሃል። ዝም ብለህ አስቀምጠው፣ ግርጌው ላይ ማንድሪኖው (እንጨቱን ማሽኑ ላይ ነክሶ የሚይዘው ክፍል) የሚጨብጠውን ካልቆረጥከው ሲደርቅ መልሰህ አስረህ አፉን ክብ ታደርግና ሌላ ክዳን ትሰራለታለህ።
ለሚቀጥለው ግን መጀመሪያ በግርድፉ ቅረጽና ተወው። ስፋቱ 14 ሳንቲም ከሆነ ግድግዳውን 14 ሚሊ ያህል ተወው፣ አንድ አስረኛ ማለት ነው። ጫፍና ጫፉን ነጭ ኮላ ወይ የቀለጠ ሰም ቀብተህ በወረቀት ከረጢት ከራሱ ሰጋቱራ ጋር ክተተው፣ ፌስታል አይሆንም ይሻግታል። በየሳምንቱ መዝነው። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው፣ ሁለት ሶስት ወር ሊፈጅ ይችላል፣ ክረምት ከሆነ ደግሞ አትጠይቀኝ። የግንዱ መሃል ማለትም ልቡ ደግሞ እቃው ውስጥ እንዳይቀር፣ እሱ ካለበት ይሰነጠቃል።

ሰጋቱራ፦
እህት ነኝ ሃሃሃ። ጣውላ ቤቱ «ድርቅ ያለ ነው» ብሎ ምሎ ነው የሸጠልኝ፣ ሲቀረጽ ግን ፊቴ ላይ ጠብታ ይረጭ ነበር፣ ያኔ መንቃት ነበረብኝ። ግርጌውን አልቆረጥኩትም እግዚአብሔር ይመስገን።

ያረጀ_መሮ፦
ይቅርታ እህቴ። እየረጨሽ እያየሽ የጨረስሽው ግን ያንቺ ጥፋት ነው ሃሃ። እኔም የመጀመሪያዬን ከእርጥብ ወይራ ሰርቼ ሌሊት «ቋ» ብሎ ሲሰነጠቅ ሌባ መስሎኝ ተነስቻለሁ።

ቺንጋ_በጠሰ፦
የኔ ሐምሌ ላይ ክዳኑ አልከፈት ብሎ ታህሳስ ላይ እየተንኳኳ ይከፈት ነበር። ስለዚህ ደረቅም ቢሆን በጣም አታጥብቂው፣ ትንሽ ይንቀሳቀስ።
ደግሞ ሴቴውን፣ ማለት ሌላው የሚገባበትን፣ መጀመሪያ ነው የሚሰራው። ገላው ውስጥ የሚገባ ከንፈር ያለው ክዳን ከሆነ አፉን ጨርሺ፣ ከዚያ የክዳኑን ከንፈር እየለካሽ በጥቂት በጥቂቱ ቀንሺለት። ከውጭ መቀነስ ቀላል ነው፣ ከውስጥ አንዴ ከሰፋ ግን አለቀ። መጀመሪያ ጠበቅ አድርገሽ ግጠሚውና ክዳኑ ገላው ላይ እንዳለ ሁለቱን ባንድ ላይ ከውጭ ቅረጺ፣ ቅርጹ ሳይቋረጥ ይወርዳል። ከላላ አንድ ዙር ሶፍት መሃል አድርጊበት ይይዛል። የሚላላው የመጨረሻ ላይ ነው። ውስጡን ስትቦረቡሪ ደግሞ መሃሉን በትራፓኖ እስከ ጥልቀቱ ብስሺና ከመሃል ወደ ዳር ሂጂ፣ ከዳር ወደ መሃል ከሄድሽ የእንጨቱ ክር ይቦጨቃል።

ዝግባ_በሜሪላንድ፦
ስለ ጌጡ እኔ ልበል፣ እዚህ በሜፕልና በቼሪ እንጨት ነው የምሰራው ግን ነገሩ ያው ነው። ቀለምና ብሩሹን ተዪው። እንጨቱ እየዞረ በሹል መሮ ቀጭን ቦይ አውጪ፣ ጥልቀቱ ግማሽ ሚሊ ይበቃል፣ ከዚያ የብረት ሽቦ ወይ አሮጌ የጊታር ክር ቦዩ ውስጥ ጨቁነሽ ያዢ፣ ጭስ ይወጣና ጥቁር መስመር ይቀራል፣ እንደ ብዕር የጠራ። ሽቦውን ጣትሽ ላይ እንዳትጠመጥሚ!! ሁለቱን ጫፍ ቁራጭ እንጨት ላይ አስረሽ እሱን ነው የምትይዢው፣ ቢጠለፍ ከእጅሽ ይወጣል። ጸጉር ይታሰር፣ ነጠላ ማሽኑ አጠገብ እንዳይደርስ።
እና ዋናው ነገር፣ ከመስመሮቹ አንዱን ክዳኑና ገላው የሚገናኙበት ላይ አድርጊው። ሁለት ወር ቆይቶ ግማሽ ሚሊ ቢንሸራተት ዓይን መስመሩን ያያል እንጂ ስንጥቁን አያይም። እኔ ያለ መስመር የሰራኋቸውን ሳያቸው ጥርሴን ነው የሚያመኝ። ሶስት መስመር ይበቃል፣ ሰፌድ ሰፌድ ብለሽ ሃያ ካደረግሽው የጎማ ጥርስ ይመስላል።
ጠቅላላ ጥቁር ከፈለግሽ የዛገ ምስማር ኮምጣጤ ውስጥ አንድ ሳምንት ዘፍዝፊ፣ ክዳኑን እሳት ክፍት አድርገሽ፣ ጋዝ አለው። እንጨቱን መጀመሪያ በወፍራም ሻይ ቅቢ፣ ሲደርቅ ኮምጣጤውን ደርቢበት፣ ዓይንሽ እያየ ይጠቁራል። ቁራጭ ላይ ሞክሪ መጀመሪያ።

ያረጀ_መሮ፦
«እሳት ክፍት» ያልከው ምንድነው?

ዝግባ_በሜሪላንድ፦
ሃሃ ስልኬ ነው፣ «ሳትዘጊ» ለማለት ነው። ብቻ ማሰሮውን አጥብቀሽ አትክደኚው።

ቺንጋ_በጠሰ፦
ማጠናቀቂያውስ? እኔ የኑግ ዘይት ነው የምቀባ፣ ያው ቤት ያለ።

ያረጀ_መሮ፦
ኑግ ይደርቃል ግን ቀስ ብሎ ነው፣ ሳምንት ሙሉ እጅ ላይ ይጣበቃል። የተልባ ዘይትና ሰም ይሻላል። ፓልም ግን ወዲያ፣ አይደርቅም ይሸታል። ደግሞ ተልባ የነካ ጨርቅ ተጨብጦ ጥግ አይጣልም፣ በራሱ ግሎ ይነዳል፣ ዘርጊው ወይ ውሃ ውስጥ ንከሪው። ውስጡን ግን ምንም እንዳትቀቢ። ክዳን ያለበት እቃ ውስጡ ዘይት ከነካው ለወራት ሽታው አይወጣም፣ የእናትሽ ዕጣን ተልባ ተልባ ይላታል።

ሰጋቱራ፦
ኧረ ተባረኩ። አዲሱን በግርድፉ ቀርጬ ከረጢት ውስጥ አስገብቼዋለሁ፣ ክብደቱን በእርሳስ ግርጌው ላይ እየጻፍኩ ነው፣ መጀመሪያ 1040 ግራም፣ ዛሬ 980። የድሮውን እስኪደርቅ ብዬ ብደብቀው እናቴ አግኝታው ወስዳዋለች፣ ክዳኑን ወዲያ አድርጋ ማማሰያና ማንኪያ ሰክታበታለች፣ መልሺልኝ ብላት «ምን ሆነና» አለች። የጊታር ክር ያለው ሰው ካለ ግን እዚህ አዳማ ነኝ።