ባለቤቴ ሳያማክረኝ በቤታችን ቀብድ ተቀብሏል፤ ምን ላድርግ?

የቱሉ ዲምቷ እናት
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። በ2004 በቤተክርስቲያን ተጋባን፤ ሁለት ልጆች አሉን። ዕጣው የወጣልን ከተጋባን በኋላ ነው፤ ተመዝጋቢው እሱ ስለነበር ግን ካርታው በስሙ ብቻ ነው። ሃያ በመቶውን ስንከፍል የእናቴን የወርቅ ሐብል ሸጬ ጨምሬያለሁ። የባንኩንም ወርሃዊ ክፍያ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀሁ በመሸጥ ግማሹን ስሸፍን ኖሬ፣ ዕዳውን የጨረስነው አምና ነው። ደረሰኞቹ በወተት ጣሳ ውስጥ አሉ። ትናንት ሳወጣቸው የአንዳንዶቹ ቀለም ለቅቆ ቁጥሩ አይነበብም።

ባለፈው ማክሰኞ ልብስ ላጥብ የሸሚዙን ኪስ ስፈትሽ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። ደላላ ቤት የተጻፈ የሽያጭ ውል ነው። 200,000 ብር ቀብድ ተቀብሏል። የእሱ ፊርማ አለ፣ የገዢው አለ፣ የሁለት ምስክሮች አለ። የኔ ስም የትም የለም። እዚያው ሳፋው አጠገብ ቁጭ አልኩ።

ስጠይቀው አልካደም። «መኪና ገዝቼ ልሥራበት፤ አሁን እኮ ተከራይም ሕግ አለው፣ ሁለት ዓመት ማንም አያስወጣንም» አለኝ። ልተወው ቢል ደግሞ እጥፉን፣ 400,000 ብር እንደሚከፍል ደላላው ነግሮታል። ክፉ ሰው አይደለም። ግን የልጆቼ ትምህርት ቤት ከብሎካችን አምስት ደቂቃ ነው። ካርታው በስሙ ስለሆነ ብቻ መሸጥ ይችላል?

አቤቱታ ጸሐፊው
እህቴ፣ ብቻውን አይችልም። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992፣ አንቀጽ 63ን ተመልከቺ። በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዳችሁ ስም ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ የጋራ ነው። በአንቀጽ 68 ደግሞ የጋራ ቤት ለመሸጥ የሁለታችሁም ስምምነት ያስፈልጋል። ተሽጦ ቢገኝ እንኳ ውሉ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት መጠየቅ ትችያለሽ። ጊዜው ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ 6 ወር ነው፤ ውሉ ከተደረገ 2 ዓመት ካለፈው ግን አይቻልም። ስለዚህ ያቺን ማክሰኞ ቀኗን ጻፊያት።

የቤት ሽያጭ ደላላ ቤት አያልቅም። ውልና ማስረጃ ቀርቦ ይፈረማል፣ እዚያ የጋብቻ ሁኔታ ይጠየቃል። የሚያስፈራኝ «ያላገባ» የሚል ወረቀት አውጥቶ የሚሄድ ሰው ነው። በዚህ ሥራዬ አይቻለሁ። የቤተክርስቲያኑን የጋብቻ ምስክር ወረቀት ከእጅሽ አታውጪ። ነገሩ ካልበረደ የእግድ ትዕዛዝ ይጠየቃል።

እጥፍ መመለስ የሚለው በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 አለ፣ ደላላው አልፈጠረውም። ግን አንቺ ያልፈረምሽበትን፣ ውልና ማስረጃም ያልደረሰን ወረቀት ይዞ እጥፍ መጠየቅ ለገዢው ቀላል አይሆንለትም።

ገዢ የነበርኩ
እኔ በወዲያኛው በኩል ነበርኩ። የካ አባዶ ለሚሸጥ ቤት ቀብድ ሰጠሁ። የፊርማው ቀን ሚስትየው ልጇን አዝላ መጣችና «አልፈርምም» አለች። ያኔ በጣም ነው የተናደድኩት። ስምንት ወር ገንዘቤ ታስሮ ቆየ፤ በመጨረሻ የሰጠሁትን ብቻ ተቀብዬ ተውኩት። ሚስት እንዳለችው ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ቀብድ አልሰጥም ነበር። የገዢው ስልክ ወረቀቱ ላይ ካለ ዛሬውኑ ደውይለት።

የጀሞዋ ተከራይ
ስለ ኪራዩ ባለቤትሽ ያለው ውሸት አይደለም። በአዋጅ 1320/2016 ውል ከ2 ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር አይበልጥም፣ ጭማሪም በዓመት አንዴ መንግሥት በሚያወጣው ልክ ነው። እኔን በጣም ጠቅሞኛል። ሆኖም የኔ ውል በሐምሌ ያልቃል፤ ልጄ «ከዚህ እንሄዳለን ወይ?» እያለች በየማታው ትጠይቀኛለች። እባክሽ ቤትሽን አትልቀቂ።

የቱሉ ዲምቷ እናት
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ወረቀቱንም የሚነበቡትን ደረሰኞችም በስልኬ ፎቶ አነሳኋቸው። ገዢው ጋ ደወልኩ። «ባለትዳር መሆኑን አልነገረኝም» አለና ዝም አለ። ቆይቶ «ብሬን ብቻ መልሱልኝ» አለኝ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ንስሐ አባታችን ቤት ሁላችንም እንገናኛለን። ከቀብዱ 160,000 ብር ባንክ አለ። የጎደለውን ከዕቁቤ እንደማወጣ ለባለቤቴ ማታ ነገርኩት። አልተቆጣም። ካርታውን ከቁም ሳጥኑ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ።