ገዥ ሥልጣን ሲለቅ ወንበሩ ለማን ይገባል?

ለክርክር የቀረበው ጉዳይ፦ በአሜሪካዋ የአሪዞና ግዛት ምክትል ገዥ የሚባል ሹመት አልነበረም፤ ገዥ ሲለቅ የሚተካው ምርጫ የሚያስፈጽመው የግዛቷ ጸሐፊ ነው። በ2022 መራጩ ይህን ለወጠ። ከ2026 ምርጫ ጀምሮ ገዥና ምክትሉ በአንድ ድምፅ አብረው ይመረጣሉ። ትክክል ነው ወይ? (ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከፊኒክስ (አሪዞና)፦ እንዲያውም ዘግይቷል። በ2009 መጀመሪያ ገዥያችን ጃኔት ናፖሊታኖ ወደ ኦባማ ካቢኔ ሲሄዱ የቀራቸው ሁለት ዓመት ለጸሐፊዋ ለጃን ብሩወር ተላለፈ። ዴሞክራት መርጠን በሪፐብሊካን ተዳደርን። በኤፕሪል 2010 ብሩወር የፈረሙት ሕግ፣ ፖሊስ በሌላ ጉዳይ ያስቆመውን ሰው በሕገወጥ ነዋሪነት ከጠረጠረው ወረቀቱን እንዲመረምር አዘዘ። ስደተኛው ሁሉ ተሳቀቀ። በ2006 ለናፖሊታኖ ድምፁን የሰጠ ሰው ይህንን አልመረጠም።

ከአሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ)፦ እህቴ፣ የ2010ን ኖቬምበር ለምን ዘለልሽው? ብሩወር በዚያው ዓመት ተወዳድረው አሸንፈዋል። ጸሐፊ የሆኑትም በሕዝብ ድምፅ ነው። ምክትሉን ግን የሚመርጠው እጩው ብቻውን ነው፤ በአዲሱ ደንብ ምርጫው 60 ቀን እስኪቀረው ድረስ ስሙን ላይናገር ይችላል። በፓርቲው ቅድመ ምርጫ ማንም ያልመዘነው ሰው ነገ ገዥ ይሆናል ማለት ነው። እኛ በቨርጂኒያ ሁለቱንም ለየብቻ እንመርጣለን። ዴሞክራቱ ቲም ኬይን ገዥ ሳሉ ምክትላቸው ሪፐብሊካኑ ቢል ቦሊንግ ነበሩ፤ ግዛቷም አልፈረሰች።

ከፊኒክስ፦ ኬይን ስላልለቀቁ ነዋ! በ2008 ኦባማ ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ካሰቧቸው ሰዎች አንዱ እኮ ናቸው። ቢሄዱ ኖሮ እናንተም የእኛ ዕጣ ይደርሳችሁ ነበር። ጸሐፊ ስመርጥ የምጠይቀው የድምፅ ቆጠራውን በታማኝነት ይመራል ወይ ብዬ ነው፤ ሕግ ይፈርምልኛል ብዬ አይደለም።

ከኒዋርክ፦ የኒው ጀርሲ ከሁሉም የባሰ ነበር። በ2004 ገዥው ጂም ማክግሪቪ ሲለቁ ሪቻርድ ኮዲ የግዛቷን ሴኔት መንበር እንደያዙ ተጠባባቂ ገዥ ሆነው 14 ወር ቆዩ። ሕግ አውጪውን ምክር ቤት የሚመራውም ሕጉን የሚያጸድቀውም አንድ ሰው! በ2005 ሕዝቡ ምክትል ገዥ ይኑረን ብሎ ወሰነ።

ከኮለምበስ (ኦሃዮ)፦ ሁላችሁም ማን ይተካ ትላላችሁ፤ እስከ መቼ የሚል ግን የለም። ጎረቤታችን ዌስት ቨርጂኒያን ተመልከቱ። በ2010 ገዥው ጆ ማንቺን ለአገሪቱ ሴኔት ተመርጠው ወደ ዋሽንግተን ሲሄዱ የግዛቷ ሴኔት ፕሬዚዳንት ኤርል ሬይ ቶምብሊን ተተኩ። የግዛቷ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ምርጫ ይካሄድ ብሎ አዘዘ፤ በኦክቶበር 2011 ተካሄደ። ያሸነፉት ራሳቸው ቶምብሊን ናቸው፤ በሕዝብ ድምፅ ግን።

ከፊኒክስ፦ ይህ አሳማኝ ነው። ብሩወር ያንን ሕግ የፈረሙት ሥልጣን ከያዙ ከ15 ወር በኋላ ነበር። እንዲህ ያለ ደንብ ቢኖረን ከፊርማው በፊት ድምፅ እንሰጥ ነበር። እስከዚያ ድረስ ግን ወንበሩን አብሮ የተመረጠው ምክትል ይያዝ።

ከአሌክሳንድሪያ፦ የአንድ ዓመቱን ገደብ እቀበላለሁ። የ60 ቀኑን ግን በፍጹም፤ የምክትሉ ስም ከቅድመ ምርጫው በፊት ይታወቅ።