ትንሿን የመሣሪያ ሱቅ በዘይትና በዒላማ ወረቀት ማቆየት ይቻላል?

የማናሳሱ
ሰላም የቤቱ ሰዎች። አንድ ነገር እየከነከነኝ ስለሆነ ላንሳው። እዚህ ቨርጂኒያ እኛ ሰፈር አንዲት የመሣሪያ ሱቅ አለች፤ አባትና ልጅ ናቸው የሚሠሩባት። ሰው ይገባል፣ ሽጉጡን በእጁ ይዞ ክብደቱን ያያል፣ ሦስት አራት ዓይነት ከመደርደሪያ ያስወርዳል፣ ሽማግሌውን ግማሽ ሰዓት ያስለፈልፋል። ከዚያ መኪናው ውስጥ ገብቶ በስልኩ ሠላሳ ዶላር የቀነሰለት ጋ ያዛል። የሚያስቀው ደግሞ ዕቃው ተመልሶ የሚመጣው ወደ ሱቅ መሆኑ ነው። በ1968ቱ የፌዴራል ሕግ ምክንያት ከሌላ ስቴት ነጋዴ ያዘዝከው ሽጉጥ በቀጥታ ቤትህ አይላክም፤ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ተቀብሎ፣ ፎርም 4473 የሚባለውን የፌዴራል የገዢ ቅጽ አስሞልቶህ፣ ባክግራውንድ ቼኩን (መግዛት የተከለከልክ አለመሆንህ የሚጣራበትን) ስታልፍ ነው የሚያስረክብህ። ለዚህ ሁሉ ጣጣ ሱቁ የሚያገኘው የትራንስፈር ክፍያ ብቻ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 50 ዶላር።

ስለዚህ እኔ እዚያ ከገባሁ ባዶ እጄን አልወጣም። የመሣሪያ ዘይት፣ መወልወያ ጨርቅ፣ ዒላማ ወረቀት፣ የጆሮ መከላከያ፣ ሌላው ቢቀር አንድ ፓኬት ጥይት። መሣሪያ ያለን ሰዎች ሁላችንም እንዲህ ማድረግ አለብን ባይ ነኝ። የሚቃወም ይምጣ።

የዳላሱ ሹፌር
መጣሁ። ወንድሜ፣ ልብህ ጥሩ ነው ግን ኪሴን አታውቀውም። እኔ ኡበር እየነዳሁ ነው የምኖረው፣ ሌሊት ስለምሠራ ነው መሣሪያም የያዝኩት። 9 ሚሊሜትር ጥይት በሺህ ሳዝ ቤቴ በር ድረስ ይመጣልኛል፣ በፍሬ ሲሰላ ከሱቁ በብዙ ይረክሳል። ደግሞ እንዳትረሱ! በ2020 ዓለም ሲታመስ፣ በዚያ ዓመት ብቻ በኤፍቢአይ ሲስተም ወደ 40 ሚሊዮን የሚጠጋ ባክግራውንድ ቼክ ተደርጓል፣ ጥይት ከገበያ ጠፋ። ያኔ እኔ አካባቢ ያሉት «የሰፈር ሱቆች» ዋጋውን ሰማይ ነበር ያደረሱት። ማን አዘነልኝ? ንግድ ነው አሉኝ። እሺ፣ ለኔም ንግድ ነው።

ባለ ግሮሰሪዋ
ሹፌር፣ እኔ ነጋዴ ስለሆንኩ ከዚያኛው ወገን ልንገርህ። ሱቄ ውስጥ ሰው የሚገባው ለወተትና ለሎተሪ ነው፣ እኔ ግን የምኖረው በነሱ አይደለም፣ ኪራዬን የሚከፍልልኝ ቡናውና ሳምቡሳው ነው። የመሣሪያ ሱቅም ያው ነው። አዲስ ሽጉጥ ላይ ያለው ትርፍ ቀጭን ነው፤ ነጋዴው የሚተነፍሰው በሁለተኛ እጅ መሣሪያ፣ በጥገና፣ በሥልጠናና በነዚያ ግድግዳው ላይ በተሰቀሉት ትንንሽ ዕቃዎች ነው። በ2020 ዋጋ ጨመሩ ያልከውም እነሱ ራሳቸው ከአከፋፋይ በውድ እየገዙ ስለነበረ ሊሆን ይችላል። ስግብግብ አልነበረም አልልም፣ ነበረ።

የማናሳሱ፣ አንተንም ግን አልምርህም። አንድ ጠርሙስ ዘይት ለዓመት ይበቃሃል። በጥቂት ዶላር ትርፍ የማን ኪራይ ይከፈላል? ዘይት ገዝተህ ደረትህን ነፍተህ ትወጣና ዋናውን መሣሪያ ሌላ ቦታ ትገዛለህ፣ እንደዚያ ከሆነ ነገሩ ለሱቁ ሳይሆን ለህሊናህ ነው። ከልብህ ከሆነ ሽጉጡን ራሱን እዚያ ግዛ፣ ሲበላሽ እዚያ አሠራ፣ ክላሱን እዚያ ውሰድ። ሠላሳ ዶላሯን ቻላት።

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት
ዝም ብዬ ላነብ ነበር አልቻልኩም። እናንተ ሰዎች ስለ ምን እንደምታወሩ ታስተውላላችሁ? ዲክስ የሚባለው የስፖርት ዕቃ መደብር በ2018 ፍሎሪዳ ፓርክላንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ከተፈጸመው ግድያ በኋላ እነዚያን ጦር ሜዳ የሚመስሉ ጠመንጃዎች መሸጥ አቆመ። ዋልማርት በ2019 ቴክሳስ፣ ኤል ፓሶ ውስጥ ያ ሁሉ ሰው በራሱ ሱቅ ካለቀ በኋላ የሽጉጥ ጥይት ከመደርደሪያው አወረደ። ትልልቆቹ እንኳ አፍረው ሲተዉት እናንተ ትንንሾቹን እንርዳ፣ እንደጉም ትላላችሁ። በ2021 በዚህ አገር ከ48 ሺህ በላይ ሰው በመሣሪያ ሞቷል። ከግማሽ በላዩ ደግሞ የገዛ ሕይወቱን ያጠፋ ነው። ዳቦ ቤት ቢሆን እሺ፣ እኔም እገዛ ነበር።

የማናሳሱ
እህቴ፣ ቁጥሩን አልክድም። እንዲያውም በሱ ላይ ነው የምከራከርሽ። በ2009 ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሦስት ሰዎች ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ከአንድ ሱቅ ሽጉጥ ገዝተው፣ በገዙ በሰዓታት ውስጥ ራሳቸውን አጠፉ። ከዚያ ምን ሆነ መሰለሽ፣ የመሣሪያ ነጋዴዎችና የጤና ባለሙያዎች አንድ ላይ ተቀምጠው «ገዢው ስለ መሣሪያው ምንም የማያውቅ፣ ለማወቅም ግድ የሌለው፣ ፊቱ የከፋው፣ ዛሬውኑ ካልሆነ የሚል ከሆነ ምን እናድርግ» ለሚለው የሚሆን መመሪያ አዘጋጁ። ሻጩ የመከልከል መብት አለው፣ ምክንያት መዘርዘርም የለበትም። ነገሩ ወደ ሌሎች ስቴቶችም ተዛመተ። ይህን ማድረግ የሚችለው ፊትህን የሚያይ ሰው ነው። ዌብሳይት ፊት አያይም።

ታዛቢው
ጥሩ ታሪክ ነው፣ ግን ራስህን በራስህ አፈረስከው። ኦንላይን የተገዛውም መጨረሻ ላይ ነጋዴ እጅ ነው የሚያልፈው ብለህ ራስህ ከላይ ጽፈሃል! ስለዚህ ፊት የሚያይ ሰው በሁለቱም በኩል አለ። ትልቅ ሱቅ ውስጥ ያለ ተቀጣሪም እምቢ ማለት ይችላል፣ እንዲያውም ደመወዙ በዚያች አንዲት ሽያጭ ላይ ስላልተንጠለጠለ ይቀለዋል። ኪራይ የዘገየበት ትንሽ ነጋዴ ነው ዓይኑን ጨፍኖ ለመሸጥ የሚፈተነው።

ጥያቄው «ትንሽ ወይስ ትልቅ» መሆኑ ራሱ አይዋጥልኝም። አጠራጣሪ ሲያይ የሚመልስ ሱቅ ካለ እሱ ጋ ግዙ፣ ዘይቱንም ሽጉጡንም። የማይመልስ ከሆነ ቢዘጋ ምን አጣን?

የማናሳሱ
እዚህ ላይ አልጣላህም። እኛ ሰፈር ያሉት ሲመልሱ አይቻለሁ። አንድ የኛው ልጅ ነው፣ ከአጎቱ ልጅ ጋር ገባ። መራጩ የአጎት ልጅ፣ ፎርም ሊሞላ የተዘጋጀው ግን ግሪን ካርድ ያለው የኛው ልጅ። ሽማግሌው አንድ ሁለት ጠየቁና ፎርሙን መልሰው ወሰዱት። ልጆቹ ዘረኛ ናቸው ብለው እየተሳደቡ ወጡ። እኔ ግን ስንት ዓመት እስር እንዳተረፏቸው ነው ያሰብኩት።

ባለ ግሮሰሪዋ
ይህን ለኛ ሰው በደንብ አስረዱልኝ፤ አንዱ ላንዱ ውለታ እየመሰለው ገደል ይገባል። ግሪን ካርድ ያለው መግዛት ይችላል። በቱሪስት ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ግን፣ እንደ አደን ፈቃድ ያለ ልዩ ነገር ከሌለው በቀር፣ አይችልም። ወረቀት የሌለውማ ጨርሶ። መግዛት ለተከለከለ ሰው ብሎ፣ እያወቁ በራስ ስም መግዛት ከ2022ቱ የፌዴራል ሕግ ወዲህ እስከ 15 ዓመት እስር ያስቀጣል። «ወንድሜ ነው» አይሠራም። ደግሞ የሜሪላንድ ሰዎች፣ ቨርጂኒያ መጥታችሁ ሽጉጥ ይዛችሁ መሄድ አትችሉም፣ በራሳችሁ ስቴት ነጋዴ በኩል ነው። ዘይት ግን ስንትም ውሰዱ 😄

ነርሷ
እኔ ለድጋፉ ነገር አንድ ጥያቄ አለኝ። ማን ነው እኔን የሚደግፈኝ? ከማታ ፈረቃ ስወጣ ፓርኪንጉ ስለሚያስፈራኝ ክላስ ልወስድ አስቤ አንድ የሰፈር ሱቅ ገባሁ። ሰውየው እኔን ትቶ ባለቤቴን ነው የሚያናግረው። ባለቤቴ ደግሞ መሣሪያ ነክቶ አያውቅም! እኔ ስጠይቅ መልሱ ለሱ ይሰጣል፣ አማርኛ ያለበት እንግሊዝኛዬን እንዳልሰማ ሆኖ። ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ትልቅ መደብር ሄድኩ፣ አንዲት ልጅ በትዕግሥት ሁሉንም አሳየችኝ። ትንሽ ስለሆነ ብቻ ደግ ነው ያላችሁ ማነው? ዶላሬን የማወጣው የሚያናግረኝ ጋ ነው።

የዳላሱ ሹፌር
ተናገሪ እህቴ!

ባላገሩ
ልጆቼ፣ በሰላም ነው የምትከራከሩት? እኔ እንግዲህ የጎጃም ሰው ነኝ፣ አባቴ ምንሽር ነበራቸው፣ ዘይቱንም ጥይቱንም እንደ ዓይናቸው ብሌን ነበር የሚጠብቁት። እናንተ አፓርታማ ውስጥ ከሕፃን ጋር ሆናችሁ ሽጉጥ ትራስ ሥር ታደርጋላችሁ አሉ። ትንሽ ዕቃ መግዛት ካማራችሁ ምነው አንዳችሁም ቁልፍ ያለው ሳጥን አላላችሁም? ዘይት፣ ወረቀት፣ ጨርቅ። ልጅ የሚያድነው የትኛው ነው?

የማናሳሱ
ጋሼ እውነትዎን ነው። ከ2005ቱ የፌዴራል ሕግ ወዲህ ነጋዴው ሽጉጥ ሲያስረክብ መቆለፊያ አብሮ መስጠት አለበት፣ ግን ብዙዎቹ የሚሰጡት ያቺን የገመድ ቁልፍ ነው፣ ሰው ካርቶኑ ውስጥ ትቷት ይረሳል። እሷን ብዙ ፖሊስ ጣቢያም በነጻ ያድላል። አልጋ አጠገብ የሚቀመጠው ሳጥን ግን ይገዛል፣ ከሱቅ ስትገዛው ደግሞ አከፋፈቱን እጅህ ላይ ያስለምዱሃል።

የዳላሱ ሹፌር
እኔ ያለኝ ሳጥን በኦንላይን የመጣ ነው፣ በግማሽ ዋጋ። ይቅርታ ጋሼ፣ እርስዎ ባሉት እስማማለሁ፣ ቦታው ላይ ነው እንጂ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት
ሳጥኑን ግዙ፣ ከፈለጋችሁት ቦታ። ከዚያ ውጭ ያልኩት እንዳለ ነው፣ አልቀየርኩም።

ነርሷ
የጣት አሻራው ነው የሚሻለው ወይስ ቁጥሩ? ባትሪው ካለቀስ?

የማናሳሱ
እኔ የምለው ሱቅ ነይና ጠይቂያቸው፣ ሁለቱንም ከፍተው ያሳዩሻል።

ነርሷ
ካናገሩኝ!